ስለ ጡለይሓ የኩላሊት እጥበት ክፍል የቀረበ ጥያቄ

ያን ቀን ወደ ሆስፒታል የሄድኩት የዓይን ጠብታ ለመውሰድ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዓይኔን የጨረሰው የተማሪ ደብተር ነው እላለሁ፣ ሐኪሙ ግን ስኳርህ ነው ይለኛል። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ወረፋ ይዤ እንደቆምኩ፣ በኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ሴት ግንባሯን በአንድ በር መስታወት ላይ ለጥፋ ወደ ውስጥ ስታይ አየሁ። ጠጋ ብዬ ባያት ሩዋይዳ ናት። ያስተማርኳት ልጅ ናት። ያኔ ሰሌዳ ላይ የአገራችንን ወንዞች ስስል «ይሄኛው እኮ ደርቋል፣ መምህር» ብላ ክፍሉን ሁሉ ያሳቀችብኝ ልጅ፣ ዛሬ የከተማችን የጡለይሓ ሕዝብ መርጧት የምክር ቤት እንደራሴ ሆናለች።

«ብቻሽን ነሽ እንዴ?» አልኳት።

«ብቻዬን ነኝ። ይምጡ፣ መምህር፣ እርስዎም ይዩት።»

አየሁት። አራት የኩላሊት እጥበት ማሽኖች በሰማያዊ ላስቲክ ተሸፍነው ግድግዳ ታክከው ቆመዋል። በላያቸው የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ከጎናቸው የቀለም ጣሳና አንድ ጎማ የሌለው ብስክሌት አለ። ክፍሉ ከተዘጋ ሰባት ወሩ ነው። የተዘጋው የውሃ ማጣሪያው ስለተበላሸ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሃያ ሦስት የከተማችን ሰዎች ቅዳሜ፣ ሰኞና ረቡዕ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፍረው ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ዋና ከተማው ይሄዳሉ፤ ደማቸው ከታጠበ በኋላ ደግሞ ጉልበታቸው አልቆ፣ ራሳቸውን መስኮት ላይ አስደግፈው፣ ያንኑ መንገድ ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ወንበሮቹን ግን አላየሁም ነበር። ሳያቸው ደሜ ፈላ።

በዚህ መሐል ሐጅ ሚትቃል መጡ። የጎሳችን ሽማግሌ፣ የሩዋይዳ አባት የአጎት ልጅ ናቸው፤ የመጡት ደም ግፊታቸውን ለመለካት ነው። ወረፋ የያዘው ሁሉ «ይለፉ፣ ሐጂ» እያለ መንገድ ለቀቀላቸው። ትኩሳት ያለው ሕፃን የታቀፈች እናት እንኳ ገለል አለች። እሳቸውም እንደ ተራ ነገር አለፉ፣ እኛም እንደ ተራ ነገር አሳለፍናቸው። እኔም ከአሳላፊዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ይህን የምጽፈው ሌላውን ብቻ ልወቅስ ስላልሆነ ነው።

ሩዋይዳን ሲያዩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አንቺ የሙፍሊሕ ልጅ! የምክር ቤት እንደራሴ በር ላይ ተለጥፋ ታጮልቃለች? ሰው ምን ይላል?»

«ቁልፉን የሚሰጠኝ አጣሁ፣ አጎቴ።»

«ለኔ አትነግሪኝም ታዲያ? አሁን ለዳይሬክተሩ ብደውል ሮጦ መጥቶ ይከፍትልኛል።»

«ለእርስዎማ ይከፍታል። እኔ የፈለግሁት ለሕመምተኞቹ እንዲከፈት ነው።»

ሐጂ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉት። «ማክሰኞ የጤና ሚኒስትሩን ምክር ቤት ፊት ልታቆሚው ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ምን በደለን? ማሽን ተበላሸ። ማሽን ደግሞ ይበላሻል። የኔም ትራክተር ይበላሻል።»

«ትራክተርዎ ሲበላሽ ሰባት ወር ያቆሙታል?»

«ምን ነክቶኝ! ሜካኒክ እጠራለሁ።»

«እኔም ማክሰኞ ሜካኒኩን ልጠራው ነው።»

ወረፋው ውስጥ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። «ስሚኝ፣ ልጄ። ካንቺ በፊት የነበረው እንደራሴ ስምንት ዓመት ተቀምጦ አንድ ቀን እጁን አውጥቶ አልተናገረም። ግን ኪሱ ሚኒስትር የፈረመበት ቁራጭ ወረቀት አያጣም ነበር። ለልጄ ጉምሩክ ሥራ አገኘለት፤ ለዚያኛው ልጅ ስኮላርሺፕ፤ ለአንዱ ፈቃድ። ከሚኒስትሮቹ ጋር እየበላ ሰውን አበላ። እንደራሴ ማለት ይህ ነው። አንቺ ግን ከሰዎቹ ጋር ስትጣዪ፣ ነገ የማንን በር ታንኳኪልናለሽ?»

«እሱ ለምን ዝም እንዳለ ያውቃሉ? እያንዳንዷ ወረቀት አንድ ጥያቄ ታስከፍለው ነበር። ሚኒስትሮቹ በስምንት ዓመት ውስጥ የጡለይሓን አፍ በወረቀት ገዙት። ይህ በር የተዘጋው ያን ጊዜ ነው፣ አጎቴ፤ ዘንድሮ የተጨመረው ቁልፉ ብቻ ነው።»

«አፍሽ ተስሏል» ብለው ሐጂ ወደ ነርሷ ገቡ። እኔም ወደ ወረፋዬ ስመለስ ሌላ ሰው ይዞት አገኘሁት።

እስቲ እውነቱን ልናገር። እንደኔ መምህር የሆነው ልጄም በበረሃው ጫፍ ካለ ትምህርት ቤት ወደ ከተማችን የተዛወረው በዚያ ሰው ወረቀት ነው። በልጄ ቦታ ማን ወደ በረሃ እንደተላከ ጠይቄ አላውቅም። እርሱም የአንዲት እናት ልጅ ነበር። ሩዋይዳ ስትናገር ፊቴን ወደ መስኮቱ ያዞርኩት ለዚህ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ሐጅ ሚትቃል ጃሃ፣ የሽማግሌ አማላጅ ቡድን፣ ይዘው ወጡ። በእኛ አገር የጃሃ ሽማግሌዎች የሚወጡት ለደም ዕርቅ ወይም ለጋብቻ ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት የመምህርነት ክብሬ የተነሳ እኔንም ይጠሩኛል። ሃያ ያህል ወንዶች፣ ጥምጥማችንን አስተካክለን፣ ካባችንን ደርበን፣ ወደ ሩዋይዳ ወንድም ወደ ፈዋዝ ቤት ሄድን። ወደ ሴት ጃሃ አይኬድም፤ ስለዚህ እንደራሴዋን ለማስቆም መለዋወጫ ሻጩን ወንድሟን መለመን ነበረብን። ይህን አሁን ስጽፈው ያሳቅቀኛል። ያኔ ግን ካባዬን ለብሼ ነበር።

ፈዋዝ መራራውን ቡና ለሐጂ ቀዳ። ሐጂ ስኒውን ተቀብለው ሳይቀምሱ ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ አስቀመጡት። ትርጉሙን ሁላችንም እናውቃለን፤ የመጣንበት ካልተፈጸመ አንጠጣም ማለት ነው፣ ጃሃን ባዶውን የመለሰ ቤት ደግሞ ስሙ ለልጅ ልጅ ይነሳል። ፈዋዝ ፊቱ አመድ መሰለ።

«የመጣነው ስለ እህትህ ነው» አሉ ሐጂ። «ለማክሰኞ ያስያዘችውን ጥያቄ እንድትተው።»

«ሐጂ፣ ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ምክር ቤቱን በቴሌቪዥን ነው የማውቀው። ራሷ ትምጣና ንገሯት» አለና በሩን ከፈተ።

ሩዋይዳ ገብታ ከወንዶቹ ትይዩ ተቀመጠች። አንዳንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ውጡ የሚል ግን አልነበረም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «የኔ የሆነ ነገር ጠይቁኝ። ከአባቴ የወረስኩትን የወይራ ማሳ ብትሉኝ አሁን እፈርማለሁ። ይህ ጥያቄ ግን የኔ አይደለም። የሃያ ሦስት ሕመምተኞች ነው፤ የሰው ነገር አንስቼ ልሰጣችሁ አልችልም።»

«ጃሃ መለስሽ ማለት ነው?» ሐጂ ከመከዳው ቀና አሉ። «አባትሽ ሙፍሊሕ በሕይወት ቢኖር በዚህ ቤት ይህ ይደረግ ነበር? ለአንድ ቱቦ ብለሽ የጎሳውን ፊት ታጠቁሪያለሽ?»

«አጎቴ፣ ሚኒስትሩ ምን ብሎዎት ነው?»

ሐጅ ሚትቃል ኩሩ ናቸው፣ ግትር ናቸው፣ ግን ውሸት አይችሉበትም። ጢማቸውን ይዘው ተናገሩ፦ «ለፊዳ የእጥበት ቦታ ሰጠኝ። በትልቁ ሆስፒታል፣ በጠዋቱ ፈረቃ፣ ማመላለሻ መኪና ጭምር። ጥያቄው ከቀረ ይጸናል፣ ከቀረበ ይሰረዛል አለኝ። እህቴ ናት! ከዚያ አውቶቡስ ስትወርድ በዓይኔ እያየኋት፣ ሬሳ ይመስል ተሸክመዋት ሲያወርዷት እያየሁ፣ ምን ላድርግ? እናንተስ ምን ታደርጉ ነበር?»

ካባ የለበሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ። ግማሾቻችን ይህን አናውቅም ነበር፤ ለከተማው ሰላም የመጣን መስሎን ነበር። ንዴቴ በሐጂ ላይ ጀመረ፣ ከዚያ ወደ ሚኒስትሩ ዞረ፣ እዚያው ቀረ። የሰው እህት መታመምን መያዣ አድርጎ የሚደራደር ሰው ዓይኑን በጨው ያጠበ ነው።

ሩዋይዳ ድምፅዋ ቀነሰ። «ቦታው ባዶ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት?»

«የት አውቄ!»

«እኔ አውቃለሁ» አለ አንድ ድምፅ ከጓዳው በር። ፊዳ ናቸው። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ሁሉን ሲሰሙ ቆይተው፣ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዳቸውን ይዘው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ። «የተሰጠኝ ዘጠኝ ቁጥር ወንበር ነው። ዘጠኝ ቁጥር የኸድራ ነው። ኸድራን ወደ መጨረሻው ፈረቃ አዛወሯት፤ የመጨረሻው ፈረቃ የሚያልቀው ሲመሽ ነው፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ወደ ጡለይሓ አውቶቡስ የለም። ባሏ የሞተባት፣ መኪና የሌላት ሴት የት ትደር? አስፋልት ላይ?»

«ፊዳ፣ አንቺ ተቀመጪ…»

«አልቀመጥም! ማን ለምንልኝ አለህ? ሰባት ወር ሙሉ አውቶቡሱ ላይ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ብርድ ልብሷን ታለብሰኛለች፣ ስታስመልስ ፌስታል እይዝላታለሁ። ትናንት ቤቴ መጥታ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹እንኳን ደስ አለሽ!› እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ፣ አንተ ሰውዬ! ከዚህ በኋላ ዓይኗን እንዴት አያለሁ? ጎሳችንን በሙሉ ካባ አልብሰህ የመጣኸው የአንዲት ድሃ ወንበር ለመቀማት ነው!»

ሐጅ ሚትቃል ስኒውን ከመሬት አንስተው «ቀዝቅዟል፣ ፈዋዝ፤ ሌላ ቅዳልን» አሉ። ተቀድቶላቸው ጠጡ። ጃሃ የመራ ሰው ልመናውን ራሱ ሲተው በዕድሜዬ አላየሁም። ሁላችንም ተከትለን ጠጣን።

ግን ነገሩ ገና አልዋጠላቸውም ነበር። «እሺ፣ ልጄ» አሉ። «ወረቀቱን ተውኩ። ጠይቀሽው ቢዋሽስ? ቂም ይዞ ጡለይሓን ቢረሳትስ?»

«አሁንስ መቼ አስታወሰን?» አለች ሩዋይዳ። «ወረቀት፣ አጎቴ፣ ለአንዱ በር ከፍቶ በሌላው ላይ ይዘጋል። በማግስቱም ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። ጥያቄ ግን በሰው ሁሉ ፊት ይጠየቃል፣ በመዝገብ ይጻፋል፣ ቢዋሽ እንኳ ውሸቱ ላይ ፊርማው ይኖርበታል። ደግሞ ሚኒስትሩ የሚያድለን ከአባቱ ጎተራ አይደለም። ማጣሪያው የሚገዛው እርስዎ ዳቦና ናፍጣ ሲገዙ በሚከፍሉት ቀረጥ ነው። የራሳችንን ዕቃ ለማግኘት ለምን ካባ ለብሰን እንለምናለን?»

«እንግዲህ ማክሰኞ መጥቼ አያለሁ» አሉ ሐጂ፣ እንደ ዛቻ አድርገው።

መጡም። መኪናቸውን ትተው ከፊዳና ከኔ ጋር በዚያው አውቶቡስ ሄዱ። ከሁለተኛው መታጠፊያ በኋላ መንገዱ ጎድጓዳ ነው፤ ፊዳ የፊት ወንበሩን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐጂ እህታቸውን አዩ፣ ጎድጓዱን አዩ።

ከምክር ቤቱ ሰገነት ላይ ተቀመጥን። ሚኒስትሩ ሽቶው እኛ ድረስ የሚሸት የሚመስል፣ ለስላሳ ሰው ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ አምስት ዓመት ዕቅድና ስለ መቶኛ አወራ። አዳራሹ አዛጋ። ከዚያ ሩዋይዳ ተነሳች።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ትናንት ሰኞ በጡለይሓ ሆስፒታል ስንት ሰው የኩላሊት እጥበት አገኘ?»

«ዝርዝር ቁጥሩን በጽሑፍ እናቀርባለን።»

«ከዜሮ ይበልጣል?»

ሳቅ ሆነ። አፈ ጉባዔው ደወሉን መታ።

«ይህ ደብዳቤ የእርስዎ ነው። ‹ክፍሉ ሙሉ አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል› ይላል፤ ከሦስት ወር በፊት ፈርመውበታል። ይህ ደግሞ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ማጣሪያ ይገዛልን ብሎ የጻፈልዎ አሥራ አንደኛ ደብዳቤ ነው። ከሁለቱ የትኛው ነው ውሸቱ?»

«መንግሥት ለሕመምተኞች ያለው ርኅራኄ…»

«ርኅራኄ አልጠየቅንም። ሕገ መንግሥቱ መታከም መብት ነው ይላል። ርኅራኄ የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ የለም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ።»

ሚኒስትሩ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አልረሳውም። «ክብርት እንደራሴዋ ዛሬ መብት ይላሉ። በዚሁ ሳምንት ግን ከዘመዶቻቸው ለአንዲቱ በልዩ ትብብር የተሰጠውን ቦታ አላነሱትም። ልመናው ከማን ቤት እንደመጣ ራሳቸው ይንገሩን።»

አዳራሹ አጉረመረመ። የሩዋይዳ ፊት ቀላ። እውነቱን ብትናገር ሽማግሌዋን ማዋረድ ነው፣ ዝም ብትል ጥያቄው ይሞታል። ዝም አለች።

ከጎኔ ከዘራ ሲወድቅ ሰማሁ። ሐጅ ሚትቃል ተነስተው የሰገነቱን ብረት ይዘዋል። «የለመንኩት እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ። «እኔ፣ ሚትቃል! እሷ አይደለችም! ጥያቄው ይቅርና እህትህ ትታከም ያልከኝ አንተ ነህ! ለእህቴ የሌላ ሴት ወንበር ሰጠኸኝ፣ እኔም ተቀበልኩህ! ቦታውን እህቴ መልሳልሃለች! አሁን ልጅቷ የጠየቀችህን መልስ!»

ዘበኞቹ ክንዳቸውን ይዘው አወጧቸው። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ በየደረሱበት «ይለፉ» የተባሉ ሰው፣ በሕዝብ ፊት ተጎትተው ወጡ። ደረጃው ላይ አግኝቼ የወደቀውን ከዘራቸውን ሰጠኋቸው። «አዋረድኳችሁ፣ መምህር?» አሉኝ። «የለም፣ ሐጂ» አልኳቸው።

በአዳራሹ የነበሩት ጋዜጠኞች ጥያቄ ሚኒስትሩን መውጫ አሳጣው። በዚያው ሳምንት ማጣሪያው ታዘዘ፤ በአምስት ሳምንት ክፍሉ ዝግጁ ሆነ።

ዛሬ አራቱም ማሽኖች ይሠራሉ። በር ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የትኛው ማሽን መቼ እንደተፈተሸ፣ ቀጣዩ ወረፋ የማን እንደሆነ ሁሉም ያነበዋል፣ ስለዚህ ማንም በማንም ላይ አይዘልም። በሐጂ የእንግዳ ቤት ዓርብ ዓርብ ወረቀት የሚለምን ጠፍቷል፤ በምትኩ ደብተር አለ፣ ሰው ያጣውን አገልግሎት ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሩዋይዳ ምክር ቤት ታቀርበዋለች። የሴቶች ትምህርት ቤት ጣራ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። አምቡላንሱም እንደዚሁ። ለአንዱ የተገኘው ለሁሉም ሆነ፣ ማንም በማንም ፊት አላጎነበሰም። ይህን የምለው ሌሎች ከተሞችም ካባቸውን ሰቅለው ይጠይቁ ዘንድ ነው።

የመክፈቻውን ቀን ግን ሳልነግራችሁ አልጨርስም።

ሚኒስትሩ ሪባን ሊቆርጥ መጣ፣ ከካሜራና ከመቀስ ጋር። ነርሷ የሕመምተኞቹን ስም ከመዝገብ እየጠራች ታስገባ ጀመር። «ኸድራ ሱለይማን» አለች። መልስ የለም። «ኸድራ ሱለይማን!» አለች ደግማ። ፊዳ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ኸድራ ከአሥራ ስድስት ቀን በፊት፣ ከእጥበት ስትመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ በፊዳ ትከሻ ላይ ሞታለች። መዝገቡን ያስተካከለ አልነበረም።

እንደ ልማዳችን ሽማግሌ ወጥቶ ሚኒስትሩን ማመስገን አለበት። ሐጅ ሚትቃል ተነሱ። ሚኒስትሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ምስጋናውን ሊቀበል ተዘጋጀ።

«ክቡር ሚኒስትር» አሉ ሐጂ፣ ሳይጮኹ። «አላመሰግንዎትም፤ ጥያቄ ነው ያለኝ። ማጣሪያው በአምስት ሳምንት መምጣት ከቻለ፣ ክፍሉ በተዘጋ በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ለምን አልመጣም?»

ሚኒስትሩ ረዳቱን አየ። ረዳቱ ጫማውን አየ። ካሜራው ይቀርጻል።

«በጽሑፍ እመልስልዎታለሁ» አለ ሚኒስትሩ በመጨረሻ።

«እንግዲያው አድራሻዬን ይያዙ» አሉ ሐጂ፤ ረዳቱ ብዕር እስኪያወጣ ጠብቀው፣ የከተማውን፣ የሰፈሩንና የራሳቸውን ስም አንድ በአንድ አስጻፉት። ከታች ደግሞ የኸድራን ስም እንዲጨምር አዘዙት፤ ጨመረ።